በር የተቆለፈበት ዝክር

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አገር ሁሉ አውርቶ ሲጨርስ ነው ሰው የራሱን ወሬ የሚሰማው። በቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት ጠዋት ግን፣ ዴሳንካ ዓሣ ልትገዛ ተሰልፋ ሳለ፣ ጆሮዋ ባዳነቱን ትቶ ዘመድ ሆነባት። ከፊቷ የቆሙት ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አላዩአትም። ከዳኑብ የሚነሣው ብርድ ፊት ይልጥ ስለነበር ሰው ሁሉ እስከ ዓይኑ ተሸፋፍኗል፤ እሷም የሟች ባሏን የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ አውርዳ ነበር፤ እንዲህ ሆና የማን እናት እንደሆነች ማንም አይለያትም።

«ሦስተኛው መግቢያ ያሉት ዘንድሮ አይዘክሩም አሉ» አለች አንዷ።

«የትኞቹ? የገንዘብ አጣቢው እናት?»

«እሷ! በየትኛው ዓይኗ ሰው አይታ? በስንቱ እንባ የተገዛ ዓሣ ማን ይበላላታል? እኔ ብሞት አልሄድም።»

«ማን ጠርቶሽ ነው የማትሄጂው?»

«በዝክር ደግሞ ማን ይጠራል!» አለችና ሁለቱም ተሳሳቁ።

ዴሳንካ አፏ ላይ ብዙ ነገር መጣባት። ልጄ ከማንም አንድ ዲናር አልወሰደም ልትል አማራት። የሰረቀው ሌላ፣ የተሰረቀው ሌላ፣ የኔ ልጅ መንገድ ጠረገ እንጂ ማን እንደሄደበት አያውቅም ልትል አማራት። የልጇ ጠበቃ ይህን ሁሉ አሳምራ ስትናገረው ሰምታለች፤ በዓሣ ሰልፍ ላይ ግን ያ ሁሉ ቃል ወዴት እንደሚገባ እንጃ። ባሏ ራዶዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ይል ነበር። ስለዚህ ቃሉን ዋጥ አድርጋ ተራዋን ጠበቀች፤ ግን አንገበገባት። ዓሣ ሻጩ ግሊሻ በሴቶቹ ትከሻ አሻግሮ አይቷት ኖሮ በእነሱ ፈንታ እሱ አፈረ። ተራዋ ሲደርስ ከገንዳው ውስጥ የሚንፈራገጠውን ትልቁን ዓሣ ራሱ መርጦ አወጣላት። ኪሎው ዘጠኝ መቶ ዲናር ገብቷል፤ ባለፈው ሳምንት ሰባት መቶ ነበር። በየዓመቱ ለበዓሉ ይወጣል፣ በማግስቱ ይወርዳል፤ ጻድቁ ለመርከበኛ ይቆማል እንጂ ለሸማች አይቆምም። ግሊሻ ቅርፊቱን እየፋቀ፣ ከልማድ የተነሣ፣ «ስንት ሰው ይመጣል፣ እትዬ ዴሳንካ?» አላትና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። «እኔ ምን አውቄ» አለችው። የሁልጊዜ መልሷ ነው። አምስት ኪሎ ገዝታ ሄደች።

ባለፈው ወር ጣጣ ያመጣችባት ይህችው መልስ ናት። ልጇ ራስትኮ ከወኅኒ ወጥቶ ከእሷ ጋር በቁም እስር ከተቀመጠ ወዲህ፣ ከእናቱና ከጠበቃው በቀር ከማንም ሰው ጋር መገናኘትም መነጋገርም ተከልክሏል። ስልክ አይነካም፣ ኢንተርኔት አይነካም፣ ከበሩ አያልፍም፤ ቢያልፍ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የታሰረው ጥቁር ነገር ያሳብቅበታል። ከእነዚህ አንዷን ቢያፈርስ ፍርድ እስኪሰጥ ተመልሶ ይገባል። ጠበቃዋ ዳፊና ለዝክሩ ዕለት ብቻ እንግዳ እንዲፈቀድ አመለከተች። ፍርድ ቤቱም መልካም፣ የሚመጡትን ሰዎች ስም ከነመታወቂያ ቁጥራቸው አቅርቡ አለ። ዴሳንካ ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣ። በዝክር ሰው አይጠራም፤ የመጣ ይገባል፣ የገባ ይበላል፣ ማነህ ከየት መጣህ አይባልም። ራዶዬ በሕይወት ሳለ አንድ ዓመት ሕንፃ ተሳስቶ የገባ ሰው ዓሣ በልቶ፣ የፕለም አረቄ ጠጥቶ፣ ዘፍኖ፣ ሁሉንም ስሞ ወጥቷል፤ ስሙን እስከ ዛሬ አያውቁትም። «ማን እንደሚመጣ አላውቅም ብለሽ ጻፊላቸው» አለቻት፤ ዳፊናም ያንኑ በሕግ ቋንቋ አሳምራ ጻፈች። መልሱ ባጭሩ መጣ፦ ማንነታቸው ላልታወቀ ሰዎች ፈቃድ አይሰጥም።

ቤት ስትደርስ ራስትኮ ወጥ ቤት ቆሞ ለዝክሩ ንፍሮ የሚሆን ለውዝ ይወቅጣል። ስንዴው ትናንት ማታ ተቀቅሎ በነጭ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ አድሯል፤ ዛሬ ይፈጭና በስኳርና በለውዝ ይለወሳል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ በሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ አንገቱ እንደ ልጅ አንገት ቀጥኗል። በጋውን ወኅኒ አሳልፎ ሲመለስ ሳንባው ታሞ ነበር፤ ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶት ሳሉ ቢቀንስም አልለቀቀውም። ዴሳንካ ሌሊት ከግድግዳው ወዲያ ስታዳምጠው ታድራለች። ክረምቱን እዚያ ተመልሶ ከገባ በሕይወት አይወጣልኝም ብላ ደምድማለች፤ ለማንም አልተናገረችውም፣ ግን የምትሠራው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው። የእሱ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሮቹ የነበሩበት ቦታ እስከ ዛሬ ከሌላው እንጨት ነጥቶ ይታያል። ፖሊሶቹ ሲፈትሹ የቤቱን ቁልፍ ሳይቀር ወስደውበታል፤ ቁልፎቹ ከፍላሽ ጋር በአንድ ቀለበት ስለነበሩ ሁሉም ማስረጃ ሆነው ታሽገዋል። ስለዚህ በቤቱ ያለው ቁልፍ የእሷ ብቻ ነው።

«ግሊሻ ስንት ሰው ይመጣል አለኝ» አለች ዓሣውን ገንዳ ላይ እያስቀመጠች።

«ምን አልሽው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ራስትኮ ውቀጣውን አቁሞ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ተጠንቀቂ እማ። እኔም የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ላይ እንዲሁ ነው ያልኩት። በሠራኸው ነገር ማን ማን ገባበት? አሉኝ። እኔ ምን አውቄ አልኳቸው። ይኸው እግሬን አሰሩኝ።»

ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የጻፈው ፕሮግራም ነው ያሳሰረው። ክሪፕቶ የሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ ከማን ወደ ማን እንደሄደ እንዳይታወቅ የሚያደባልቅ ነገር ነው፤ ጽፈው ሲጨርሱ ለፈለገው ሁሉ በነጻ ለቀቁት። ባንክ ያለ ገንዘብህን ጎረቤትህ አያየውም፤ ያኛው ግን በረንዳ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ነው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል፤ መጋረጃ ያስፈልገዋል ባይ ነው ራስትኮ። ከመጋረጃው ጀርባ ጋዜጠኛ ገባ፤ ከሚደበድባት ባሏ ተደብቃ የምትኖር ሴት ገባች፤ መንግሥቱን የሚፈራ ገባ፤ ሌባም ገባ። ዐቃቤ ሕጉ ሌባውን መያዝ ቢያቅተው መጋረጃ ሰፊውን ያዘ። በዓለም ዙሪያ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች የጠበቃዋን ወጪ አዋጥተዋል። የራስትኮን ፎቶ ካናቴራ ላይ ያተሙ ወጣቶች አንድ ሩቅ ከተማ ውስጥ ተሰልፈው ሲጮኹ ዳፊና በስልኳ አሳይታታለች፤ ዴሳንካም አልቅሳ መርቃቸዋለች። ሆኖም አንዳቸውም መጥተው በዓሣ ሰልፍ አይቆሙልኝም ብላ አሰበችና በሐሳቧ አፈረች።

አባት ከሞተ ዝክሩ የልጅ ነው። የዝክር ባለቤት ደግሞ በዚያ ቀን አይቀመጥም፤ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፣ ቆሞ ይቀዳል፣ ቆሞ ይሸኛል። ባለቤቱ በማይታይበት ዝክር ምን ይደረጋል? ዴሳንካ ሳምንቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ መላ አገኘች። ከበሩ ውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ትንሿን ጠረጴዛ ታወጣለች፤ ነጭ ጨርቅ ታለብሳታለች፤ ንፍሮውን፣ የዝክሩን ዳቦ፣ ሻማውንና አረቄውን ታስቀምጣለች። የመጣ ያማትባል፣ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል፣ ይሄዳል። ራስትኮ ከውስጥ ይሆናል። ሰው ከልማዱ የተነሣ በዝክር ቀን ሳያንኳኳ ገፍቶ ስለሚገባ በሩን ከውጭ ትቆልፈውና ቁልፉን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከታለች።

ዳፊና በስልክ ሰምታ ወደደችው። «ኮሪደር ቤት አይደለም፤ ማንም ንፍሮ ቢበላበት የሚከለክል ሕግ የለም» አለች። «ግን የራስትኮ ድምፅ እንኳ አይሰማ። በተለይ ደግሞ . . .»

«አበልጄ።»

«አዎ፣ ስቶያዲን። የዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክር ነው። አንዲት ቃል ቢለዋወጡ ምስክር ሊያግባባ ሞከረ ተብሎ ዛሬውኑ ይወስዱታል። እኔም ላስቀረው አልችልም።»

«አይመጣም» አለች ዴሳንካ። «ከመጋቢት ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም።» አለመምጣቱ በአንድ በኩል እፎይታ ሆኖ በሌላ በኩል አንጀቷን በላው። ስቶያዲን የራስትኮ የክርስትና አባት ነው፤ የራዶዬን ሬሳ ሳጥን በቀኝ ትከሻው የተሸከመ እሱ ነው፤ በዚህ አገር ሰው ወንድሙን ሊያስቀይም ይችላል እንጂ አበልጁን ከደጅ አይመልስም።

እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ፖሊሶች ሆኑ። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ። ጠረጴዛውን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። «እንኳን አደረሰዎ እማማ። እኛም ቤት ዛሬ ነው፤ እናቴ ከማለዳ ጀምራ እየደወለች መቆሚያ አሳጣችኝ።» አማተበና አንድ ማንኪያ ንፍሮ አነሣ፤ ከዚያ ከጓደኛው ጋር ገብቶ የራስትኮን እግር አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የመቆጣጠሪያ ሳጥን አየ፣ ወጣ። ዴሳንካ ከኋላቸው በሩን ስትቆልፍ ወጣቱ ዞር ብሎ፣ «ዛሬ ብዙ ጊዜ እንመላለሳለን፣ ታዘናል» አላት፣ እሷን ሳይሆን ቆቡን እያየ። «እባክዎ እማማ፣ እኔ ተረኛ ሆኜ ምንም ነገር እንዳይገጥመኝ።» የሚያስፈራራ ፖሊስ ታውቃለች፤ የሚለምን ግን አይታ አታውቅም ነበር፤ የባሰ አስፈራት።

ከዚያ ፒሮሽካ መጣች፣ የማዶዋ ጎረቤት፤ ሃንጋሪያዊት ናት፣ ካቶሊክ ናት፣ በዓሉ በዓሏ አይደለም፤ ሆኖም አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ብለሽ ልትሰድቢኝ ነው» አለች ኬኳን እያስቀመጠች። «ስድቡን ተይና ወንበር ስጪኝ። ምን? ወንበርም የለ? እንደ ፈረስ ቆሜ ልብላ?» ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና ከዚያ በኋላ አልተነሣችም። የራዶዬ የሥራ ጓደኞች የነበሩ ሁለት ጡረተኞች መጡ፤ አንደኛው ጉንጩን በንፍሮ ሞልቶ ፊቱን ወደ ጣሪያው አንጋጠጠና፣ «በዚህ ሕንፃ ራስትኮ የሚባል ሰው ካለ፣ እንኳን አደረሰህ ብለናል፤ እኛ ግን ማንንም አላነጋገርንም!» ብሎ ጮኸ። ዴሳንካ እየሳቀች ዝም በል ብላ አፉን ያዘችው። ሆኖም ሰዓቱ ሲሄድ የመጡት እነዚያው ብቻ እንደሆኑ ገባት። በሌላ ጊዜ ይህን ሰዓት ጫማ ከበሩ አንስቶ እስከ ሊፍቱ ይደረደር ነበር። የገዛ ወንድሟ ደውሎ መኪናዬ አልነሣ አለች አላት፤ አውቶቡስ እኮ አለ ልትለው ብላ ተወችው፤ እሱም አውቶቡስ እንዳለ ያውቃል። እንኳን አደረሰን ተባብለው ስልኩን ዘጉ። ከውስጥ የተጠበሰው ዓሣ ሽታ በበሩ ሥር ይመጣል። አምስት ኪሎ ዓሣ።

ሊመሽ ሲል ሊፍቱ እየተንቋቋ ወጣ። አሮጌ ነው፤ በሩን በእጅ ጎትተው ነው የሚከፍቱት፤ በሊፍቱና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት ጣት ያስገባል። ከውስጡ ስቶያዲን ወጣ። ካፖርቱ ሰፍቶታል፤ ወይን ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። የሊፍቱን በር ሳይዘጋ እዚያው ቆመ፣ ቶሎ ሊመለስ እንዳሰበ ሰው። ፒሮሽካ አየችውና፣ «ሻይ ጥጄ መጥቻለሁ ለካ» ብላ ተነሥታ ገባች፤ በሯን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው፤ እሷም ሰው ናት።

«እንኳን አደረሰሽ፣ አበልጅ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

ጠረጴዛውን አየ፤ ሻማውን አየ፤ በሩን አየ። «ምንድነው ይኼ? ሰው ከደጅ ነው እንዴ የሚሸኘው?»

«ፍርድ ቤት ነው ያዘዘው። ቅመስ፣ አበልጅ።»

«እኔንም?»

«አንተን በተለይ» አለች።

ስቶያዲን ጠርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የአባቱን መሬት ሸጦ ነበር። አንድ ድምፁ ማር የሆነ ሰው በስልክ እያነጋገረ እጥፍ አደርግልሃለሁ አለው፤ ሰጠው፤ ሰውየውም ገንዘቡም ጠፉ። የባንክ ሰዎች ዱካውን ሲከተሉ ከራስትኮ መጋረጃ ድረስ መጣና እዚያ ላይ ተቋረጠ። የዚያን ማታ ስቶያዲን ለክርስትና ልጁ ደወለ፤ ገንዘቤ አንተ ጋ ገብቷል፣ ያዝልኝ፣ አስቁምልኝ አለው። ራስትኮም አልችልም አለው። ዐቃቤ ሕጉ የሚፈልገው ይህችን የስልክ ጥሪ ነው፤ የተሰረቀ ገንዘብ እንደሚያልፍበት እያወቀ ዝም አለ የሚያሰኝ ሌላ ማስረጃ የለውም።

«ጥር ላይ ይጠሩኛል» አለ ስቶያዲን። «በመስቀል ምዬ አልዋሽም፤ አልችልም አለኝ እላለሁ። ግን አበልጅ፣ አልችልም ማለት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አቅም ማጣት ነው። አንዱ አልፈልግም ማለት ነው፣ ሰው ሲያፍር እንዲህ ይላል። የትኛውን እንዳለኝ አላውቅም። እንቅልፍ አጣሁ። መሬቱ ይቅር፣ መሬቱ ሄደ። ይኼን ልጅ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ከአፉ ልስማና ልሂድ። ክፈቺልኝ።»

«ብትነጋገሩ ዛሬ ይወስዱታል። ደረቱ ታሟል። እዚያ ክረምቱን አይችለውም።»

«ማን ያየናል?»

ታች አንድ በር ሲከፈት ተሰማ፤ ሲዘጋ ግን አልተሰማም። ሁለቱም ወደዚያ ዞሩ። ያን ጊዜ የተቆለፈው በር ከውስጥ ተንኳኳ፣ በቀስታ፣ ሁለት ጊዜ።

«እማ» አለ ራስትኮ። «ክፈቺው።»

«አንተ ዝም በል!» አለች፤ በሹክሹክታ መጮኽ ይቻል እንደሆነ በዚያን ጊዜ ጮኸች።

ስቶያዲን የልጁን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ በሩ ተጠጋ፤ ሆኖም የሚያወራው ከእሷ ጋር ነው፣ እሱም መጠንቀቁ ነው። «መዝገቡን አስነበቡኝ» አለ። «መጀመሪያ ቁልፍ ነበረው ይላል። የኮምፒውተር ቢሆንም ቁልፍ ነው፤ በፈለገ ጊዜ ነገሩን የሚዘጋበት። ኋላ ራሱ አጠፋው ይላል፤ ማንም አላስገደደውም፣ በገዛ እጁ። ንገሪኝ እስቲ፣ ጤነኛ ሰው የገዛ ቤቱን ቁልፍ ይጥላል? ከሌባ ጋር የተሻረከ ካልሆነ በቀር?»

«እማ፣ እኔ ልንገረው! ክፈቺ!» በሩ ተመታ፤ ከዚያ ሳሉ መጣ፣ ያ ረጅሙ፣ ሌሊት ከግድግዳው ወዲያ የምትሰማው።

ቁልፉን ለምን እንዳጠፋው ራስትኮ አንድ ምሽት ሊያስረዳት ሞክሮ ነበር። ገባኝ ብላው ነበር፤ አልገባትም ነበር። አሁንም ለስቶያዲን የምትለው ቃል አጣች። እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ቁልፉን ጨብጧል። ይህ ሰው እሷና ራዶዬ ሲያገቡ አብሯቸው የቆመ ነው፤ ልጇን ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስለ እሱ ሰይጣንን የካደ ነው። በዚህ ቀን፣ ከዚህ በር ፊት፣ እንዲህ እየለመናት። ራሷን ታውቃለች፤ ሁለት ጊዜ እንቢ አለች፤ ሦስተኛውን አትችለውም።

«ስለ ጻድቁ ብለሽ፣ ዴሳንካ» አለ ስቶያዲን። በስሟ ጠርቷት አያውቅም ነበር።

ቁልፉን አወጣች። ስቶያዲን አየውና ኮፍያውን አወለቀ፣ ወደ ቤት ሊገባ እንደተዘጋጀ ሰው። እጇ ወደ በሩ ተዘረጋ፤ ከቁልፉ ቀዳዳ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አየችው፣ የገዛ እጇን፣ ማንንም ሳያማክር ሊከፍት ሲሄድ። ያን ጊዜ ዞር ብላ ወደ ክፍቱ ሊፍት ሄደች፤ ጎንበስ አለች፤ ቁልፉን በክፍተቱ ለቀቀችው። አንድ ጊዜ ብረት መታ፤ ደግሞ አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ከታች ከጨለማው ምንም አልተሰማም። በበዓል ሰሞን የሊፍት ጠጋኝ የሚባል ሰው እንደማይገኝ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ዛሬ የምታድረው ፒሮሽካ ሶፋ ላይ ነው፤ ፖሊሶቹ ሲመለሱ የምትላቸውን እግዜር ያውቃል።

«አሁን አልችልም» አለች ቀና ብላ።

ስቶያዲን ክፍተቱን ቁልቁል አየ። «አውቀሽ ነው የጣልሽው?»

«አውቄ ነው። በእጄ ቢሆን እከፍትልህ ነበር።»

ይህን ስትል የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። ከበሩ ወዲያ ሳሉ ቆሟል። ስቶያዲን ኮፍያውን እንደያዘ ወደ ደረጃው ሄዶ ፒሮሽካ በተነሣችበት ቦታ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ።

«ገባኝ» አለ።

«ምኑ?»

«አልችልም ያለኝ።»

ዴሳንካ አጠገቡ ተቀመጠች። «እና ጥር ላይ ምን ትላቸዋለህ?»

«እውነቱን። አይችልም ነበር እላለሁ።» ኮፍያውን በእጁ አዞረ። «አውቆ ነው ወይ እንዳይችል ያደረገው ካሉኝም፣ አውቆ ነው እላለሁ። መጠየቃቸው አይቀርም።»

እስከ ዛሬ ተቀይሞ ይመሰክርበታል ብላ ስትፈራ ነበር የኖረችው። አሁን ገብቶት ሊመሰክር ነው፤ የትኛው ልጇን የበለጠ ዓመት እንደሚያስቀጣው ታውቅ ዘንድ ዳፊናን እንኳ ልትጠይቅ አትደፍርም። ዋሽልኝ አይባል ነገር፤ አበልጅ ነው፣ ቀኑም ቀን ነው። ተነሥታ ንፍሮውን አመጣችለት። ስቶያዲን አማተበ፤ የራዶዬን ስም በለሆሳስ ጠርቶ ነፍስ ይማር አለ፤ አንድ ማንኪያ ወሰደና በቀሩት ጥርሶቹ እያላመጠ ወደ በሩ ተመለከተ።

ከውስጥ፣ ከበሩ ሥር በኩል፣ ቁጭ ብሎ ከሚናገር ሰው እንደሚመጣ፣ የራስትኮ ድምፅ መጣ።

«እማ፣ ሄደ?»

ዴሳንካ ስቶያዲንን አየችው። ስቶያዲን ማንኪያውን እንደያዘ አቀርቅሯል፤ የሚነሣ ሰው አይመስልም።

«አልሄደም» አለች።